ግላኮማና ቀዶ ሕክምናው፦ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ

ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው። ሊቀነስ የሚችለው ዋነኛ መንስኤው በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በመሆኑ ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ኦፕሬሽኑም የሚሠሩት ያንኑ ግፊት ለማውረድ ነው። የሞተውን ነርቭ አድሶ የጠፋውን ብርሃን የሚመልስ ሕክምና እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ውጤት የሚለካው ግፊቱ ስንት ላይ እንደወረደና የቀረው የማየት ችሎታ ለስንት ዓመት እንደቆየ በመመርመር ነው።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ወደ ዓይን ክሊኒክ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው የሞራን ኦፕሬሽን ነው። ሞራው የተገፈፈለት ጎረቤት በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ልጆቹን በመልክ መለየቱን ሰምቷል፤ ከግላኮማ ኦፕሬሽንም ያንኑ ይጠብቃል። ኦፕሬሽኑ የሰመረለት የግላኮማ ታካሚ ግን ቢበዛ የሚያየው በፊት ያይ የነበረውን ያህል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም እይታው ብዥ ሊልበት ይችላል። ይህ ከኦፕሬሽኑ በፊት በግልጽና በታካሚው ቋንቋ ካልተነገረ፣ በሕክምና ዓይን የተሳካው ሥራ በታካሚው ቤት «ዓይኑን አጠፉት» ተብሎ ይወራል፤ ወሬውን የሰማ ቀጣይ ታካሚም ይቀራል። በዚህ የስምጥ ሸለቆ መስመር ላይ ከግላኮማ ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘው ብዙ ችግር የሚነሳው ከዚህ አለመግባባት ነው።

የዓይን የፊት ክፍል በጠራ ፈሳሽ የተሞላ ነው። ፈሳሹን ከአይሪስ ጀርባ ያለው ሲሊያሪ አካል ያለማቋረጥ ያመነጫል፤ ፈሳሹ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ይወጣና ኮርኒያና አይሪስ በሚገናኙበት ማዕዘን ባለው ወንፊት መሰል ሥጋ (ትራቤኩላር ሜሽወርክ) አልፎ በሽሌም ቦይ በኩል ወደ ደም ሥር ይገባል። የሚመነጨውና የሚወጣው ሲመጣጠን ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። መውጫው ሲጠብብ ግፊቱ ይጨምርና ከኋላ ያለውን ነርቭ ይጎዳል። ማዕዘኑ ክፍት ሆኖ ወንፊቱ ብቻ ሲደፈን በሽታው ሕመም የለውም፤ እይታ ከዳር ጀምሮ ይጠባል እንጂ መሃሉ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ሁለቱም ዓይኖች አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍኑ ሰውየው አንድ ዓይኑ መጥፋቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሌላው መድከም ሲጀምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ውስጥ የሞራ ድርሻ 49.9 በመቶ፣ የትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ የግላኮማ 5.2 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ክብደቱ በመቶኛ አይታይም። በሞራ የታወረው አብዛኛው ሰው ኦፕሬሽን ቢያገኝ ያያል፤ በግላኮማ የታወረው ግን አያይም። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶችም ታካሚዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል።

የስምጥ ሸለቆው ከተሞች የራሳቸው የሆነ የበሽታ መልክም አላቸው። በኢትዮጵያ ከሚታየው ግላኮማ ሰፊ ድርሻ ያለው ስዩዶኤክስፎሊየሽን የሚባለው ዓይነት ነው። በዚህ በሽታ አመድ የመሰለ ቅንጣት በሌንሱና በአይሪሱ ላይ ይከማቻል፣ ወንፊቱን ይደፍናል፣ ግፊቱንም ከተራው ግላኮማ በላይ ያንረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ለሞራ ኦፕሬሽን ቀጠሮ ከተያዘላቸው ኢትዮጵያውያን 39.3 በመቶ ያህሉ ይህ ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ሁለተኛው ትራኮማ ነው። በአርሲና በምሥራቅ ሸዋ ቆላ ገጠሮች በልጅነታቸው ደጋግመው የታመሙ ሰዎች የዓይናቸው ስስ ሽፋን (ኮንጀንክታይቫ) ጠባሳ ሊይዝ ይችላል፤ የግላኮማ ኦፕሬሽን ደግሞ የሚደገፈው በዚያው ሽፋን ነው። ሦስተኛው በሙቀትና በአቧራ የሚባባሰው የልጆች የዓይን አለርጂ ነው። እናቶች ለማሳከኩ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ በቀናት ውስጥ ያስታግሳል፤ ለወራት ሲደጋገም ግን በአንዳንድ ልጆች ግፊቱን ከፍ አድርጎ ነርቩን ይገድላል። መከላከል የሚቻል ዕውርነት በመሆኑ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨው ይኸኛው ነው።

ለግላኮማ የመጀመሪያውን ውጤታማ ኦፕሬሽን የሠራው የበርሊኑ አልብሬኽት ፎን ግሬፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ከአይሪስ ቁራጭ በማውጣት በድንገት የሚያመውን ግላኮማ ማከም እንደሚቻል ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1909 በሕንድ ማድራስ ይሠራ የነበረው ሮበርት ኤሊዮት የዓይኑን ግድግዳ በትንሽ ክብ መቁረጫ በስቶ ፈሳሹን ማስወጣት ጀመረ። የኤሊዮት ቀዳዳ ክዳን ስላልነበረው ግፊቱ ከልክ በላይ ይወርድ፣ ኢንፌክሽንም በቀላሉ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የካምብሪጁ ጆን ኬርንስ ቀዳዳውን ከነጩ የዓይን ግድግዳ በተሰነጠቀ ክዳን ሸፈነው። ትራቤኩሌክቶሚ የተባለው ይህ ኦፕሬሽን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ሌሎቹ ሁሉ የሚነጻጸሩበት መለኪያ ሆኖ ቀጥሏል። በኢትዮጵያም ለገፋ ግላኮማ በብዛት የሚሠራው እርሱ ነው።

ትራቤኩሌክቶሚ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማይክሮስኮፕ፣ ቀጭን ክርና የሠለጠነ እጅ ነው። ዓይኑ በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ሐኪሙ ከላይኛው ቆብ ሥር ስሱን ሽፋን ይከፍታል፣ ጠባሳ የሚከላከለውን መድኃኒት በስፖንጅ ነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጣል፣ በጸዳ ፈሳሽም በደንብ ያጥባል። ከዚያ ከነጩ ግድግዳ ግማሽ ውፍረት ያለው ትንሽ ክዳን ያነሳል፣ ከሥሩ ወደ ፊተኛው ክፍል የሚያልፍ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ቀዳዳውን እንዳይደፍን ከአይሪሱ ጫፍ ጥቂት ይቆርጣል፣ ክዳኑን በክር መልሶ ይሰፋል፣ ሽፋኑንም ይዘጋል። ፈሳሹ በክዳኑ ጠርዝ እየሾለከ ከስሱ ሽፋን ሥር ይጠራቀማል። ከቆቡ ሥር የሚታየው ይህ ውኃ የቋጠረ እብጠት ብሌብ ይባላል። ኦፕሬሽኑ ይሠራ አይሠራ የሚታወቀው በብሌቡ ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ዝቅ ያለና ደም ሥር ያልበዛበት ከሆነ መልካም ምልክት ነው።

የዚህ ኦፕሬሽን ትልቁ ጠላት ቁስል የማዳን ተፈጥሮ ራሱ ነው። ሰውነት ቀዳዳውን እንደ ማንኛውም ቁስል ሊደፍነው ይታገላል። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች፣ በወጣቶች፣ ቀድሞ ኦፕሬሽን በተደረገባቸውና ለዓመታት ጠብታ በተጠቀሙ ዓይኖች ጠባሳው ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በታይዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በግላኮማ ኦፕሬሽን የተሞከረው ሚቶማይሲን ሲ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ይህን ሁኔታ ለወጠው። ፋይቭ ኤፍ ዩ የሚባለውም ለዚሁ ዓላማ ይውላል፤ ብሌቡ መጣበቅ ሲጀምር በመርፌ ሲከፈት አብሮ ይሰጣል። መጠኑ ወይም ጊዜው ከበዛ ግን ሽፋኑ ሳስቶ ያፈሳል፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ያስገባል። ከዚህ በኋላ የለንደኑ ሐኪም ፔንግ ኮው መድኃኒቱን በሰፊ ቦታ ላይ ማዳረስንና ክዳኑን በሚስተካከል ክር ማሰርን በማስፋፋት አደጋውን በእጅጉ ቀንሷል።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ከብዙ ሰው ግምት የተሻለ ነው። በብሪታንያ የተለያዩ ሆስፒታሎች ከ400 በላይ ዓይኖችን አካቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ግምገማ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ80 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም ጠብታ ግፊቱ እንደተስተካከለ አሳይቷል። ለስምጥ ሸለቆው ታካሚ የበለጠ የሚቀርበው ግን ታግስ የተባለው የብሪታንያ ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በሽታው በገፋ ደረጃ ላይ እያለ የተገኘባቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍሎ ለከፊሎቹ ወዲያው ትራቤኩሌክቶሚ፣ ለከፊሎቹ ጠብታ ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኦፕሬሽኑ ቡድን አማካይ ግፊት 12.4፣ የጠብታው ቡድን ደግሞ 15.1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነበር፤ ታካሚዎች ስለ ኑሯቸው የሰጡት ምላሽ ግን ተቀራራቢ ሆነ። ኦፕሬሽንን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ማቆየት ለገፋ በሽታ ትክክል አለመሆኑን ይህ ሙከራ አጽንቷል። ያውም ይህ የታየው ጠብታ በየወሩ ሳይቋረጥ በሚገኝባት በብሪታንያ ነው። ወንጂ ያለ የሸንኮራ ሠራተኛ ወይም መተሐራ ያለ አርብቶ አደር ጠብታውን ዕድሜ ልክ በየወሩ መግዛት አለበት፤ መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ግፊቱ ወዲያው ይመለሳል። ዘግይቶ ለመጣና ገቢው ላልተረጋጋ ሰው ቶሎ የሚሠራ ኦፕሬሽን ከጠብታ ይሻላል ማለት ከማስረጃው ጋር የሚሄድ ሐሳብ ነው።

ጉዳቱም አብሮ ይነገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ዓይኑ ሊላላ፣ የፊተኛው ክፍል ሊጠብብ፣ ከሬቲናው ሥር ያለው ሽፋን ሊነሳ ይችላል፤ አብዛኛው በክትትል ይስተካከላል። ኤጂስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ትራቤኩሌክቶሚ ሞራ የመፈጠር ዕድልን በ78 በመቶ እንደሚጨምር አስልቷል። መሃል ላይ ጥቂት እይታ ብቻ በቀረው ዓይን ደግሞ ኦፕሬሽኑ ያችኑ ይዟት የሚሄድበት አጋጣሚ አለ፤ የሚከሰተው አልፎ አልፎ ቢሆንም ፊርማ ከመጠየቁ በፊት መነገር ያለበት ነው። የብሌብ ኢንፌክሽን ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ የቀላ፣ የሚያምና መግል የያዘ ዓይን በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። በዚህ አካባቢ ምክሩ ኑሮን ማወቅ ይጠይቃል፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠበል ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ በውዱእ ጊዜ ፊት ሲታጠብ የታከመው ዓይን እንዲጠበቅ፣ በስግደትና በሱጁድ ግንባር መሬት እንዳይነካ፣ በአውድማና በአቧራ መንገድ ዓይኑ እንዲሸፈን። «ዓይንህን ጠብቅ» የሚል ጥቅል ቃል ለዚህ አይበቃም፤ ለጊዜው በወንበር ተቀምጦ መጸለይ እንደሚቻል የተነገረው ሰው ዓይኑንም ጸሎቱንም ይጠብቃል።

ትራቤኩሌክቶሚ ለከሸፈበት ወይም ሽፋኑ በጠባሳ ለተያዘ ዓይን ሁለተኛው መንገድ ቱቦ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዳበረው አንቶኒ ሞልቴኖ ሲሆን፣ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ፈሳሹን ከዓይን የፊት ክፍል ወስዶ ከዓይኑ ኳስ ወገብ አጠገብ ወደተሰፋ ሳህን ያደርሰዋል። የአህመድ ቱቦ ግፊቱ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚቆጣጠር ክዳን አለው፤ የቤርፌልት ቱቦ ክዳን ስለሌለው በሚሟሟ ክር ታስሮ ከሳምንታት በኋላ ይከፈታል። ቀድሞ ኦፕሬሽን የተደረገባቸውን ዓይኖች ያነጻጸረው ቲ ቪ ቲ የተባለው ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ የከሸፈው ቱቦ 29.8 በመቶ፣ ትራቤኩሌክቶሚ 46.9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ያልተነካ ዓይን ላይ ግን ሚዛኑ ወደ ትራቤኩሌክቶሚ ያጋድላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጠብታም ይቀንሳል። የቱቦ ዋነኛ እንቅፋት ዋጋው ነበር። በሕንድ ማዱራይ አውሮላብ የቤርፌልትን ዓይነት ቱቦ በብዙ እጥፍ በረከሰ ዋጋ ማምረት መጀመሩ ለአፍሪካ ሆስፒታሎች በር ከፍቷል። በስኳር በሽታ ምክንያት አይሪሱ ላይ አዲስ ደም ሥር ላበቀለ ዓይንም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቱቦ ነው።

ምላጭ የማይነካው ሕክምና ሌዘር ነው፤ ሁለት ተቃራኒ መንገዶችም አሉት። ኤስ ኤል ቲ የተባለው የተደፈነውን ወንፊት ያነቃቃል፤ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። በታንዛኒያ ሞሺ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሙከራ ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘሩ የተሳካው 61 በመቶ፣ በቲሞሎል ጠብታ የተሳካው 31 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ለምሥራቅ አፍሪካ ከዚህ የሚቀርብ ማስረጃ የለም ለማለት ይቻላል። የሌዘሩ ኃይል ግን በዓመታት ይደክማል፤ ስዩዶኤክስፎሊየሽን ባለበት ዓይን መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሠራና ፈጥኖ ይደክማል፣ ስለዚህ ታክሞ የጠፋ ታካሚ በጣም ያሰጋል። ሁለተኛው ዳዮድ ሌዘር ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሲሊያሪ አካል በከፊል ያቃጥላል። ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ለታወረና ለሚያም ዓይን ብቻ ነበር፤ ሕመሙን አስታግሶ ዓይኑን ከመውጣት ስለሚያድን እዚያ ላይ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ማየት ለሚችል ዓይን ሲሰጥ ቁጣና የእይታ መቀነስ ሊያስከትል ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

በበለጸጉ አገሮች ባለፉት ዓመታት ብዙ የተነገረላቸው የፈሳሹን መውጫ የሚያሻሽሉ ጥቃቅን ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። አይስቴንት የተባለው ትንሽ ማስተላለፊያ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሌሎችም ተከተሉ። አደጋቸው ትንሽ ነው፣ የሚያወርዱት ግፊትም መጠነኛ ነው፤ ለቀላልና ለመካከለኛ በሽታ እንጂ በዚህ መስመር ለሚበዛው የገፋ ግላኮማ አይበቁም። በታጠፈ ተራ መርፌ ወንፊቱን የመክፈት ዘዴ ብቻ በርካሽነቱ ሊታይ የሚገባው ነው።

ማዕዘኑ የተዘጋበት ግላኮማ ሕክምናው ለየት ይላል። በሌዘር አይሪሱ ላይ ቀዳዳ መክፈት የመጀመሪያው እርምጃ ሲሆን፣ ኢግል የተባለው እ.ኤ.አ. የ2016 ሙከራ ሌንሱን ቀድሞ ማውጣት የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በአዛውንቶች ዘንድ እንደተለመደው ሞራና ግላኮማ አንድ ላይ ሲገኙ ሁለቱን በአንድ ቀን መሥራት መንገድና ወጪ ይቆጥባል፤ ግፊቱን የማውረድ ኃይሉ ግን ብቻውን ከሚሠራው ትራቤኩሌክቶሚ ትንሽ ያንሳል። ስዩዶኤክስፎሊየሽን ያለበት ዓይን ሌንሱን የያዙት ክሮች የላሉ ስለሆኑ በሞራ ዘመቻ ወቅት ተለይቶ ልምድ ላለው ሐኪም መተው አለበት።

ከግላኮማ ጋር የሚወለድ ሕፃን ሕክምናው ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ጠብታ ጊዜ መግዣ ብቻ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ብርሃን መሸሽ፣ እንባ መብዛት፣ ዓይኑ መተለቅና መደብዘዝ። «ትልልቅ ዓይን ያላት» ተብላ የምትደነቅ ሕፃን አንዳንዴ የታመመች ናት። ኮርኒያው የጠራ ከሆነ ከውስጥ፣ ከደበዘዘ ከውጭ የተዘጋው ወንፊት ይከፈታል፤ ዘግይተው ለሚመጡት ትራቤኩሌክቶሚ ይታከልበታል። ከኢትዮጵያ ገጠር ዘግይተው የመጡ ሕፃናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም አቀፍ የዓይን ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። ግፊቱ ከወረደ በኋላም መነጽርና ደካማውን ዓይን ማሠራት ለዓመታት ይቀጥላል።

ኦፕሬሽኑ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከወጡ በኋላ ባሉት ስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ነው። ታካሚው በማግስቱ፣ ከዚያ በየሳምንቱ መታየት አለበት፤ የስቴሮይድ ጠብታ በየሁለት ሰዓቱ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይቀነሳል፣ ክሩ የሚፈታበት ወይም ብሌቡ በመርፌ የሚከፈትበት ቀን በጊዜው ካልተያዘ ጠባሳው ይቀድማል። ከፍተኛው የግላኮማ አገልግሎት ያለው በአዲስ አበባ ሲሆን በደቡቡ ጫፍ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሻሸመኔ 250 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐዋሳ ግን 25 ብቻ። ከወለንጪቲ ወይም ከአርሲ ነገሌ ገጠር ለሚነሳ አዛውንት የስምንት ሳምንት ምልልስ ከነአስታማሚው ከኦፕሬሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ክትትሉ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ክትትሉን ከኦፕሬሽኑ መነጠል የሚቻልበት መንገድ ያስፈልጋል። ኦፕሬሽኑ በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ ቢሠራም፣ ግፊት የሚለካ መሣሪያና ብሌብን ማየት የሚችል የሠለጠነ ባለሙያ በአዳማ፣ በባቱና በሻሸመኔ ካለ አብዛኛው ቀጠሮ ከቤት አቅራቢያ ይጠናቀቃል። ለዚህ የሪፈር ወረቀቱ «ኦፕሬሽን ተደርጎለታል» ከሚል የበለጠ መናገር አለበት፦ በየትኛው ዓይን ምን እንደተሠራ፣ ሚቶማይሲን መሰጠቱን፣ ስንት ክር እንደቀረና መቼ እንደሚፈታ፣ የታለመው ግፊት ስንት እንደሆነ፣ ታካሚው ወዲያው መመለስ ያለበት በምን ምልክት እንደሆነ። የታካሚው ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች በሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ለእነርሱም ምርመራ ይታዘዝ።